ጉድጓዱ የየትኛው ትምህርት ክፍል ነው?

በነገሌ ቦረና ዙሪያ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ የት ይቆፈር የሚለውን የሚወስን ሰው ምን ተምሮ መምጣት አለበት? ጂኦሎጂ ነው የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ውኃ በሌለበት ቆፍሮ ምን ሊገኝ። ነገር ግን በቆላው ወረዳዎች በፕላን ባለሙያነት ስዞር ካየኋቸው ጉድጓዶች መካከል ብዙ ጣጣ ያመጡት የደረቁት አይደሉም። ውኃቸው ዛሬም የማይቋረጠው ናቸው።

አንዱን ልንገራችሁ። የቀበሌውን ስም፣ ገንዘቡን ያመጣውንም ድርጅት ልተወው። ከሊበን ሜዳ ወዲያ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ ከብት የሚሰማራበት ሰፊ ግጦሽ አለ። ዝናቡ ሲያበቃ ኩሬው ይደርቃል፤ ሰው ከብቱን ነድቶ ቋሚ ውኃ ወዳለበት ይመለሳል፤ ሣሩ ያርፋል። በጥናት ሰነዱ ላይ ግን ቦታው "ከፍተኛ የውኃ እጥረት ያለበት አካባቢ" ተብሎ ተጻፈ። የመጡት ባለሙያዎች ሦስት ነበሩ። ኢኮኖሚስቱ ሴቶች ውኃ ፍለጋ የሚያጠፉትን ሰዓት፣ የቁፋሮውን ወጪና የተጠቃሚውን ብዛት በሠንጠረዥ አስቀምጦ ፕሮጀክቱ አዋጭ መሆኑን አሳየ። የመልካም አስተዳደር ባለሙያዋ ለውኃ ኮሚቴው መተዳደሪያ ደንብ አረቀቀች፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሁሉም በየቦታቸው። የውኃ መሐንዲሱ ቦታውን ለየ። ሦስቱም ሥራቸውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ይህን የምለው በሽሙጥ አይደለም። እኔ ወረዳውን ወክዬ ቃለ ጉባኤ እይዝ ነበር።

ስብሰባው ሊበተን ሲል አንድ አዛውንት ተነሡ። "ልጆቼ፣" አሉ በኦሮምኛ፣ "እዚህ በጋውንም ውኃ ካለ ሰው ለምን ይሄዳል? ሰው ካልሄደ ሣሩ መቼ ያርፋል? ለሚመጣው ዓመት ጥጃስ ማን ይናገርለታል?" አስተርጓሚው ሲጨርስ መድረኩን የሚመሩት ኃላፊ ፈገግ ብለው፣ "አባባ፣ ይኼ እኮ ፍልስፍና ነው፤ እኛ የመጣነው ለልማት ነው" አሏቸው። ሰው ሳቀ። ኅብረተሰቡ ፕሮጀክቱን በሙሉ ድምፅ እንደደገፈ ተጽፎ ተፈረመ።

ኃላፊው ልክ ነበሩ፤ ፍልስፍና ነው። ገና ላልተወለደ፣ እጁን አውጥቶ ለማይናገር ምን ዕዳ አለብን የሚለው ጥያቄ ከፍልስፍና ጥያቄዎች ከባዱ ነው። ወዲያው ደግሞ ኢኮኖሚክስ ይሆናል፤ ያረፈ ሣር ስንት ያወጣል? ፖለቲካም ይሆናል፤ "ጊዜው ደርሷል፣ ልቀቁ" የማለት ሥልጣን የኮሚቴው ነው፣ የቀበሌው ነው ወይስ የሽማግሌዎቹ? አዛውንቱ በአንድ ትንፋሽ ያሉትን ለሦስት ባለሙያ ብናካፍለው ኖሮ እንኳ ደግ ነበር። ከሦስቱ አንዱን የሚረከብ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ጉድጓዱ ተቆፈረ። ዛሬ በዙሪያው መንደር አለ፤ ሱቅ፣ ትምህርት ቤት፣ የስልክ ባትሪ መሙያ ቤት። ሣሩ የለም። መንደሩን ክፉ ነው ልል አልችልም፤ እዚያ ፊደል የቆጠሩ ሴት ልጆች አሉ፤ በሌላ መንገድ ባልቆጠሩ ነበር። ይህን ከዚያ ጋር አመዛዝኖ የቱ ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ሰነድ ግን በወረዳው ፋይል ውስጥ አንድም የለም። የሚጽፈው ሰው አላሠለጠንንም።

ነገሩ ለቦረና አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዓለም ባንክ ገንዘብ ሦስተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት ሲጀመር፣ በአጭር ስሙ ሶርዱ የሚባለው የደቡብ የግጦሽ መሬት ልማት ተቋም ያቤሎ ላይ ተቀምጦ ኩሬ አስቆፈረ፣ መንገድ አስጠረገ። ኩሬው ውኃ ላልነበረው ግጦሽ ውኃ ሰጠ፤ ሰውም ከከብቱ ጋር እዚያው ቀረ። በዚያው ዘመን ሣር ማቃጠል በመንግሥት ተከለከለ። ቦረና እሳቱን የሚለቀው መዥገርን ለማጥፋት፣ አዲስ ሣር ለማብቀልና ቁጥቋጦን ለመግታት ነበር። የከለከሉት ሰዎች እሳትን እንደ ጥፋት ብቻ ያዩ የደን አሳቢዎች ናቸው፤ ክፋት አልነበረባቸውም። ውጤቱን ግን ከያቤሎ ወደ ሜጋ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ በመስኮት ያየዋል፤ ድሮ ሣር የነበረው ሜዳ እሾሃማ ግራር ወርሶታል።

ይህን ሁሉ እንዳስታውስ ያደረገችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ አንደኛ ዓመቷን ጨርሳ ትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ሰዓት ደረሰና ደወለችልኝ። "አጎቴ፣ ፍልስፍና፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚክስን አንድ ላይ የሚሰጥ ዲግሪ አለ አሉ፤ እኛ ጋ ለምን የለም?" አለች። ለቤተሰቡ ጥያቄው ቅንጦት ሆኖ ታየ። ለእኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ በቃለ ጉባኤ ላይ ያጣሁትን ሰው የጠራችልኝ ያህል ነው። ስለዚህ አቋሜን ልናገር፦ ይህ ዲግሪ በኢትዮጵያ ሊከፈት ይገባል፤ መጀመሪያ መከፈት ያለበትም አዲስ አበባ ሳይሆን ያቤሎ ባለው ቦረና ዩኒቨርሲቲ ወይም በቡሌ ሆራ ነው።

ዲግሪው በዓለም አዲስ አይደለም። ኦክስፎርድ ሦስቱን በአንድ ላይ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው። ከዚያ በፊት ለከፍተኛ የመንግሥት ሥራ የሚታጭ ወጣት ግሪክኛና ላቲን ይማር ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያ ስንቅ አልበቃ አለ። ዛሬ ኬፕታውንና ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰጡታል። ከኦክስፎርድ ይህን ተምረው ከወጡት መካከል ሃሮልድ ዊልሰን፣ ኤድዋርድ ሂዝ፣ ዴቪድ ካሜሩን፣ ሊዝ ትረስና ሪሺ ሱናክ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ቤናዚር ቡቶና ኢምራን ካን ፓኪስታንን መርተዋል፤ ኮፊ ቡሲያ ጋናን። ይህን ዝርዝር የምደረድረው ለማወደስ አይደለም። እንዲያውም ዋናው ተቃውሞ ያለው እዚሁ ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኛም ከዚያ ርቀን አልነበርንም። ኦክስፎርድ ትምህርቱን ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሞተው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጀርመን አገር የተማረ፣ በድሬዳዋ ጉምሩክ የሠራ ሰው ነበር። በ1916 ዓ.ም. የታተመው "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" ንግድን፣ ገንዘብን፣ ዕውቀትንና የመንግሥትን ግዴታ በአንድ መጽሐፍ፣ በአማርኛ ይመረምራል። የጉምሩክ ሰው ስለሆነ ምን ገብቶ ምን እንደወጣ በዓይኑ ያያል፤ ያንን አይቶ ግን ደኸይተን የቀረነው ለምንድን ነው፣ ተጠያቂውስ ማነው ብሎ ይጠይቃል። የዛሬ ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ኖሮ የትኛው ትምህርት ክፍል እንደሚመደብ አላውቅም። ምናልባት አካውንቲንግ።

ሌላው አማርትያ ሴን ነው። ሕንዳዊው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሀብ ባሳተመው መጽሐፍ ካጠናቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ የ1965ቱን የወሎ ረሀብ አንሥቶ እህል በአገር ውስጥ እያለ ሰው ለምን እንደሚያልቅ ያሳያል። ስለ አርብቶ አደሩ የጻፈውን እኛ ቆላዎች እናውቀዋለን። ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ይሞታል፤ ያልሞተው ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋው ይወድቃል፣ እህሉ ሲወደድ። ሰውየው ሁለት ጊዜ ይመታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ሃሮ ባኬ ወይም ዱብሉቅ ገበያ ቆሞ የነበረ ሰው፣ ኮርማ እየጎተተ መጥቶ በቆሎ ተሸክሞ ለመመለስ እንኳ ያቃተውን አባወራ አይቷል። ሴን ይህን ሲተነትን ኢኮኖሚስት ነው። ያ ሰው በሕግ አንድም መብቱ ሳይነካ ልጆቹ ሊራቡ መቻላቸው ፍትሕ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ግን ፈላስፋ ነው። አንዱን ከሌላው ብትነጥሉት መጽሐፉ ወይ የዋጋ ዝርዝር ወይ ስብከት ይሆናል።

አሁን ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ወጥተን ወደ ኤላ፣ ወደ ቦረናው ጉድጓድ፣ እንሂድ። ቱላ የሚባሉት ዘጠኙ የቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች በእጅ የተቆፈሩ ናቸው። በበጋ ጎልማሶች ከታች እስከ ላይ በሰልፍ ቆመው ዕቃውን እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ውኃውን ወደ ገንዳው ያወጣሉ። ቱሪስት ዘፈኑን ይቀርጻል። እኔ የሚገርመኝ ሰልፉ ነው፤ ከላይ ያለው የከብቱ ሰልፍ። መጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው አባ ኮንፊ ይባላል፤ ተራውን የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው። ከብት በየስንት ቀኑ እንደሚጠጣ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ የት እንደሚገባ ሁሉ የታወቀ ነው። ውኃው በገንዘብ አይሸጥም። በነፃም አይደለም፤ ጉልበት ታዋጣለህ፣ ጉድጓዱ ሲደፈን ትጠርጋለህ፣ በኤላው ሸንጎ ትገኛለህ፣ ካጠፋህ ትቀጣለህ። ዋጋ፣ ሥልጣንና ግዴታ አንድ ቦታ ላይ ተገናኝተው በየቀኑ ይሠራሉ።

ከዚያ በላይ ደግሞ በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጉሚ ጋዮ አለ፤ ሕግ ያወጣል፣ ያሻሽላል፣ አባ ገዳውን ጭምር ይጠይቃል። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገብ ደስ ብሎን ጨፍረናል። ምዝገባው ደግ፤ ነገር ግን የተመዘገበ ነገር ብዙ ጊዜ መስታወት ውስጥ ይገባል። ኤርትራዊው አንትሮፖሎጂስት አስመሮም ለገሠ ከቦረና መካከል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ ገዳን የተከራከሩበት፣ የተሰላ፣ ከሕዝብ ቁጥር ጋር ሲጋጭ የሚጨነቅ ሥርዓት አድርጎ ያየዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፍልስፍና መምህር ወርቅነህ ቀልቤሳ የኦሮሞን የአካባቢ ሥነ ምግባር አጥንቷል። ቡሌ ሆራም የገዳ ጥናት አለው። ታዲያ ጥሬው አለ። የጎደለው በዚህ ጥሬ ላይ ሒሳብ የሚሠራና የሚጨቃጨቅ ተማሪ ነው።

መጨቃጨቅ ያልኩት አውቄ ነው። ኤላውን አወድሶ ማለፍ ቀላል ነው፤ አንዳንድ የባህል ቀን ንግግር ሰምቼ ዕንቅልፌ መጥቷል። በሸንጎው ወሳኙ ወንድ ነው። ጉልበት የሌላት፣ ወንድ ልጅ ያልወለደች ባልቴት ተራዋ ሲደርስ ማን ይቀዳላታል? ሞተር የተገጠመለት ጉድጓድ በጀሪካን ሒሳብ ሲከፈልበት ገንዘብ ያላት ሴት የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ትቀዳለች። ይህ ነፃነት ነው ወይስ የዝምድና መፍረስ? እኔ የራሴ መልስ አለኝ፤ የእህቴ ልጅ ሌላ መልስ አላት፤ በስልክ ተከራክረን ካርዴ አልቋል።

ፖለቲካውም ቢሆን ከመጽሐፍ የሚመጣ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ በንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ ለአርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት ይሰጠዋል። ይህ መብት የማን ነው፣ የግለሰቡ፣ የጎሳው ወይስ የቀበሌው? በ1997 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ድንበር ላይ ባሉ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ድምፅ መስጫ ጣቢያ ቆሞ የሚጠብቅ ቀበሌ እንጂ ከዝናብ ጋር የሚሄድ ቀበሌ አልታሰበም። በ2015 ዓ.ም. ነገሌ የአዲሱ ምሥራቅ ቦረና ዞን ዋና ከተማ ትሁን ሲባል በጉጂ ከተሞች የተነሣውን ተቃውሞ እዚህ የኖረ አይረሳውም። ስለ ድንበር ምንነት፣ ስለ ከተማ ባለቤትነት፣ ስለ ገበያና ስለ ቀረጥ በአንድ ጊዜ ማሰብ የሚችል፣ ከተከራካሪዎቹ ሁሉ ጋር ቡና የሚጠጣ ወጣት ቢኖረን ኖሮ ችግሩ ይቀር ነበር አልልም። ቢያንስ የምንጨቃጨቅበት ቋንቋ ይኖረን ነበር።

አሁን ወደ ተቃውሞው። የመጀመሪያው "ከሁሉም ነካ ነካ አድርጎ የሚወጣ ሰው ምንም አያውቅም" የሚለው ነው። እውነት አለው። በእንግሊዝ አገርም ይህን ዲግሪ የሚተቹት ሁሉን ነገር በአንድ ገጽ አጠቃልሎ በድፍረት የሚናገር፣ አንዱንም ጠልቆ የማያውቅ ፖለቲከኛ ያመርታል እያሉ ነው። የትረስን አጭር የሥልጣን ጊዜ ያየ ሰው አይፈርድባቸውም። የእኛም ታሪክ ማስጠንቀቂያ አለው፤ እሱ ደግሞ ከነገሌ ይጀምራል።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የነበረው የአራተኛ ብርጌድ ወታደር አመፀ። የወታደሩ የውኃ ፓምፕ ተበላሽቶ ነበር፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዳ ከለከሉ። ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸው ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ሲመጡ ወታደሩ ይዞ እሱ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ አደረጋቸው። አባቴ በዚያ ካምፕ ተራ ወታደር ነበር። ስለዚያ ዓመት ሲያወራ ስለ አብዮት አያነሣም፤ ስለ ውኃው ጣዕም ነው። በየካቲት አየር ኃይሉና አሥመራ ያለው ጦር ተከተሉ፤ አስተማሪው በትምህርት ዘርፍ ጥናቱ ተቆጥቶ፣ ታክሲ ነጂው በቤንዚን ዋጋ ተማሮ ሥራ አቆመ። የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ወረደና በቦታው ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተሾሙ፤ በኦክስፎርድ ኦሪየል ኮሌጅ የተማሩ፣ በዲፕሎማሲ የታወቁ ሰው። ወራት ሳይቆይ ከሥልጣን ወረዱ፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። ጥሩ ትምህርት ቤት ብቻውን አገር አያድንም። ነገሌ ላይ የጎደለው የተማረ ሰው አልነበረም። የፓምፑ ብልሽት፣ የአቤቱታው መንገድና የሁለቱ ጉድጓዶች መለያየት አንድ ጉዳይ መሆኑን በጊዜ አይቶ ላይ ድረስ የሚናገር ሰው ነበር።

ለዚህ ነው የያቤሎው ዲግሪ የኦክስፎርዱ ግልባጭ እንዳይሆን የምፈልገው። ስታቲስቲክስ ይክበድ፤ ሒሳብ የፈራ ተማሪ ሌላ ይምረጥ። አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ ጠንቅቆ የማይናገር አይመረቅ። አንድ ሙሉ የበጋ ወቅት ገበያና ኤላ ላይ ይዋል፤ ከደላላው፣ ከአባ ሄሬጋው፣ ከጉምሩክ ጣቢያው። ኦክስፎርድ ከአንደኛ ዓመት በኋላ ከሦስቱ አንዱን መተው ይፈቅዳል፤ እኛ አንፍቀድ፤ የሚተወው ፍልስፍናው እንደሆነ ይታወቃልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ ገንዘብ ነው፤ እሱ ይቀልለኛል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ፍሬሽማን ሲመለስ ማንኛውም የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሎጂክ፣ የኢኮኖሚክስ መግቢያ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሞራልና ሲቪክስ ይወስዳል። ያዋጣነውን ሁሉ አዋጥተን ሁለተኛ ዓመት ላይ ልጁን ነጥቀን ወደ አንድ ክፍል እንከተዋለን። መምህሩም መጽሐፉም አለ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሰባ ሠላሳ እያልን ማኅበራዊ ሳይንሱን ወደ ሠላሳው ስናሳንስ ኖረናል፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ከሆነ በኋላ ደግሞ ክፍሎች ተማሪ እየጠፋባቸው ነው። ሦስት ባዶ ክፍል ከማስጠበቅ አንድ የሞላ ክፍል ይሻላል።

እውነተኛው እንቅፋት ማንም የማይጠራው ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ የመውጫ ፈተና፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በየትምህርት መስኩ ይሰጣል፤ ስሙ በዝርዝሩ ላይ የሌለ ዲግሪ ፈተና የለውም፣ ፈተና የሌለው ተመራቂ የለውም። ሁለተኛው የወረዳው የሥራ ማስታወቂያ ነው፦ "የሚፈለገው የትምህርት ዓይነት፦ ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት ወይም ተዛማጅ።" ያ "ተዛማጅ" የሚለውን የሚተረጉመው በሰው ሀብት ክፍል የተቀመጠ አንድ ሠራተኛ ነው። ፍልስፍና የሚል ቃል በዲግሪው ላይ ካየ ፋይሉን ወደ ጎን ያደርጋል፤ አውቃለሁ፣ ከጎኑ ወንበር ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ትምህርት ሚኒስቴርና ሲቪል ሰርቪሱ ሁለቱን ወረቀት ሳያስተካክሉ ፕሮግራም የሚከፍት ዩኒቨርሲቲ የእህቴን ልጅ የመሰሉትን ያታልላል። እሷንም ይህንኑ ነግሬአታለሁ። ለጊዜው ኢኮኖሚክስ ሞላች፤ ተናድዳብኛለች።

ይከፈት ከተባለ ግን አንድ ትምህርት በእኔ ስም ይያዝልኝ፤ የእንስሳት መድን። በ2004 ዓ.ም. በቦረና የተጀመረው መድን ከብት ሞቶ እስኪቆጠር አይጠብቅም፤ ሳተላይት የመሬቱን አረንጓዴነት ይለካል፣ ከተወሰነ ደረጃ ከወረደ ክፍያ ይወጣል። ብልሃት ነው። ነገር ግን ሳተላይቱ አረንጓዴ ብሎ የቆጠረው ከብት የማይበላው ያ የወረረን ቁጥቋጦ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱን የከለከለው የድሮ ውሳኔ በዛሬ የመድን ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል ማለት ነው። በሌላ በኩል ቦረና ከብት ያለቀበትን ወገን መልሶ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ አለው፤ ማዋጣቱ ግዴታ እንጂ ምጽዋት አይደለም። ሁለቱ በአንድ በረት ሲገናኙ ምን ይሆናል?

ፈተናውን ከአሁኑ አውጥቻለሁ። "ሰባት ላሞች ያሏት እናት በራሷ ገንዘብ መድን ገዛች፤ ጎረቤቷ አልገዛም። ድርቅ መጣ፤ ለእሷ ክፍያ ወጣ። ወረዳው የመድን ክፍያ ስላገኘች ከዕርዳታ እህል ዝርዝር ሰረዛት፤ ጎረቤቷን መዘገበ። በዚያው ሳምንት ወገኖቿ ለጎረቤቷ ቡሳ ጎኖፋ እንድታዋጣ ጠየቋት። ሀ) የወረዳው ስረዛ ፍትሐዊ ነውን? ለ) የወገኖቿ ጥያቄስ? ሐ) በሚቀጥለው ዓመት በቀበሌው መድን የሚገዛው ሰው ቁጥር ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? በሠንጠረዥ አሳይ። መ) ይህን የመወሰን ሥልጣን ለማን ትሰጣለህ? ከ'ሀ' እስከ 'መ' ያሉት መልሶችህ እርስ በርስ ከተጣሉ ነጥብ አይሰጥም።" ጊዜ ሦስት ሰዓት። ካልኩሌተር ይፈቀዳል።